ጥፍር የገባበት ኳስ

እትዬ ሳሙና የሰው ልብስ በባዶ እጇ አትነካም። በልብስ ንጽሕና መስጫው ጓዳ ውስጥ፣ ከእንፋሎት መተኮሻው ጎን በተሸጎጠች ጠረጴዛዋ ላይ፣ ቢጫ የላስቲክ ጓንቷን እስከ ክንዷ ስባ ታጠልቅና የሰው ልጅ በራሱ ላይ የሚያፈሰውን ሁሉ ስታስለቅቅ ትውላለች፤ የከንፈር ቀለም፣ የብብት ላብ፣ የሕፃን ትውከት፣ ባለቤቱ «ቀለም ነው» ብሎ የሚምልበት፣ ሽታው ግን ሌላ የሚናገር እድፍ። ሥራዋን ጠልታው አታውቅም። የምትጠላው እድፉን ያመጡትን ሰዎች ነው። አንድ ኮት ከፊቷ ሲዘረጋ በመጀመሪያ አፍንጫዋን ትሸበሽባለች፣ ቀጥላ «ኧረ የሰው ጉድ» ትላለች፣ ብሩሽ የምታነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ባልደረቦቿ ስሟን ትተው ሳሙና ያሏት በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በዕድሜ ስለምትበልጣቸው «እትዬ»ን ጨመሩላት።

መጸየፏ ማታ ከሱቁ ጋር አብሮ የሚቆለፍ አይደለም። በር የምትከፍተው በክርኗ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን ከመጨበጥ ወዲያና ወዲህ መላጋትን ትመርጣለች። ሰው ቤት ስትጋበዝ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ ካላየች አትጠጣም። ሰዓት ጠጋኝ የሆነው ባሏ በዚህ መቀለድ ከጀመረ ቆይቷል። «እኔን ያገባችኝ ዘፍዝፋ አሳድራ ነው» ይላል ለእንግዳ። «አሁንም ቢሆን አልፎ አልፎ ወደ ብርሃን አንሥታ ታየኛለች።» እሷም አብራ ትስቃለች፤ እየሳቀች ግን እጁን መታጠቡን በዓይኗ ትፈትሻለች።

ከዚህ ሁሉ የተረፈ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ። እናታቸው ከሥራ የምትመለሰው ሲመሽ ስለነበር፣ ልጁን ያዘለችውም፣ ያጠበችውም፣ ንፍጡን በመዳፏ የጠረገችለትም እሷ ነበረች። በመዳፏ፤ ያለ ጨርቅ። ያን ንፍጥ ለምን እንዳልተጸየፈችው ራሷም ይገርማታል። ዛሬ ያ ልጅ የአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ነው፤ ሆዱ ከቀበቶው አልፏል፣ መነጽሩን በአፍንጫው ጫፍ ያስቀምጣል፣ ፈተና ላይ የሚኮራረጁትን ከሩቅ ስለሚለይ ተማሪዎቹ «ራዳር» ብለውታል። ለእሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነው። ሸሚዞቹን በየሳምንቱ ያመጣላታል፤ እሷም ጓንቷን አውልቃ አንገትጌያቸውን በባዶ ጣቶቿ ትፈትጋለች። የጓዳው ሰዎች ይህን ባዩ ቁጥር ይጠቃቀሳሉ።

እንዲህ ያለችዋን ሴት ቦውሊንግ ቤት ያስገባትም ይኸው ወንድሟ ነው። እናታቸው ካረፈች በኋላ ሁለቱን የሚያገናኝ ቤት ጠፍቶ ነበር። እሱ በሚስቱ ዘመዶች ተከበበ፤ እሷም በእንፋሎቷ። አንድ ቀን ሸሚዞቹን ሲያስረክብ ነገሩን አነሣው።

«ረቡዕ ረቡዕ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሚወዳደሩበት ጨዋታ አለ። እንግባ፣ እትዬ። ካልሆነ እኮ አንዳችን እስክንታመም ድረስ ላንተያይ ነው።»

በመጀመሪያው ቀን ከበሩ ልትመለስ ምንም አልቀራትም። ገና ስትገባ የተቀበላት የካልሲ፣ የመጥበሻ ዘይትና የቆየ ምንጣፍ ሽታ ነበር። አስተናጋጁ ከአንዱ ደንበኛ እግር የወጣውን የኪራይ ጫማ ከቆርቆሮ የሚነፋ መድኃኒት ቱስ አድርጎበት ለሌላው ሲሰጥ አየች፤ ጫማው ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ከሁሉ የከፉት ግን ኳሶቹ ነበሩ። እያንዳንዱ ኳስ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ የስንቱ ጣት ገብቶ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። አንዱን ጎንበስ ብላ ብትመለከተው በአውራ ጣቱ ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ዝቃጭ ተለጥፎ ታያት።

«ማሙሽ፣ እዚህ ውስጥ ጣቴን ከምከት ቢቆረጥ ይሻለኛል።»

«የራስሽን ትገዢያለሽ። የራስ ኳስ እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፤ ማንም አይነካብሽም።»

ይህ ንግግር አሸነፋት።

በአዳራሹ ጥግ፣ በመስታወት በተከለለች ክፍል ውስጥ፣ በየሰዉ ጣት ልክ ኳስ እየበሳ የሚሸጥ ሽማግሌ ነበር። ጋሽ መሰርሰሪያ ይሉታል። ሽማግሌው መጀመሪያ ያሳያት ቀይና ሰማያዊ የተዘበራረቀበት የሚያምር ኳስ ነው።

«አብዛኛው ሰው የሚገዛው ይሄን ነው፣ ወንድምሽም ያለው ይሄው ነው። ቆዳው ዓይን የማያየው ቀዳዳ አለው። ሲንከባለል ሌኑ ላይ፣ ማለትም በሚሮጥበት ጣውላ ላይ፣ ያለውን ዘይት ይጠጣል። ስለሚጠጣ ጣውላውን ይይዛል፤ ስለሚይዝ መጨረሻ ላይ እጥፍ ብሎ እዚያ በቆሙት ፒኖች መሀል ይገባል።»

«የጠጣው ወዴት ይሄዳል?»

«እውስጡ ነዋ። ሲበዛበት ሙቅ ውሃ ውስጥ እንከተውና ያልበዋል።» በእግሩ ወደ አንድ ባልዲ ጠቆማት። በባልዲው ውስጥ የተነከረው የሌላ ሰው ኳስ ቢጫ የዘይት ጤዛ አውጥቶ፣ ጤዛው በውሃው ላይ እንደ አክታ ይንሳፈፍ ነበር።

እትዬ ሳሙና አፏን በእጅጌዋ ሸፈነች። «የማይጠጣ የለህም?»

«ዩሬቴን ከሚሉት ፕላስቲክ የተሠራ አለ። የድሮ ሰዎች ኳስ ነው። እሱ አይጠጣም፤ የነካው ዘይት ላዩ ላይ ይቀራል፣ በጨርቅ ጠረግ ስታደርጊው አለቀ። ነገር ግን…»

«በቃ፣ እሱን።»

«ነገር ግን» ያለውን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። የቀረውን በኋላ በራሷ ደረሰችበት። የቦውሊንግ ሌን ሲያዩት የተወለወለ ጣውላ ይመስላል እንጂ በላዩ ስስ ዘይት ተቀብቶበታል። ዘይቱን የሚቀባው ማሽን ከጨዋታው በፊት ከመወርወሪያው ተነሥቶ ወደ ፒኖቹ ይሄዳል፤ አንዳንድ ቀን ገና መሀል መንገድ ላይ መቀባቱን ያቆማል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ፒኖቹ አጠገብ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ይቀባል። ዘይቱ አጭር በሆነ ቀን የእትዬ ሳሙና ግራጫ ኳስ ጨዋነቱ ይታያል። የሌሎቹ ደረቁን ጣውላ ሲነኩ እንደ ደነገጠ በቅሎ ዘወር ሲሉ፣ የእሷ እንደ ጥሩ ሹፌር ረጅምና ለዘብ ያለ ኩርባ ይዞ ይገባል። ብዙ ሰው ወርውሮ ዘይቱ ተጠርጎ ሲያልቅም እንዲሁ ነው። ዘይቱ ረጅም በሆነ ቀን ግን የሚጨብጠው ነገር ያጣል፤ እርጥብ ሰድር ላይ እንደረገጠ ሰው ተንሸራትቶ፣ ከጥጉ ሁለት ሦስት ፒን ገንጥሎ ጨለማው ውስጥ ይገባል።

ሌላም ጠንቅ ነበረው። ዘይቱን ስለማይጠጣው ይገፋዋል። ከፊት ያነሣውን ወስዶ ሌኑ መጨረሻ ላይ፣ ደረቅ ሆኖ መቆየት በሚገባው ቦታ፣ ይለቀልቀዋል። ከእሷ ቀጥሎ የሚወረውረው ወንድሟ ኳሱ ሊታጠፍ በሚገባው ቦታ ላይ ሸርተት ሲልበት፣ ወገቡን ይዞ ይቆማል።

«መንገዴን ቀባሽው፣ እትዬ።»

«ምን ላድርግህ? የእኔ ኳስ እንዳንተው ሰካራም አይደለም።»

«የእኔው ሰካራም ቢጠጣም ቤቱ ይገባል። ያንቺው ሳይጠጣ ነው ሰው መንገድ ላይ የሚደፋው።»

«ያንተ ደግሞ ሲያልበው ያድራል። መኝታ ቤት ነው የምታስቀምጠው ይባላል፤ ሚስትህ ታሳዝነኛለች።»

በሚቀጥለው ሌን የሚጫወቱት ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ በዚህ ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ዳቦ ጋጋሪው ደግ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ እትዬ ሳሙና እሱን ሳትሸማቀቅ ማየት አትችልም። ከመወርወሩ በፊት አውራ ጣቱን ይልሳል። ላብ የጠረገበትን ፎጣ አፍንጫው ላይ ያሳርፈዋል፣ በዚያው ፎጣ ኳሱን ይወለውላል፣ ከዚያ በኋላ ትከሻዋን መታ አድርጎ «በርቺ» ይላታል። ያን ዕለት ሸሚዟ ቤት ገብቶ አያድርም፤ ወዲያው ይታጠባል።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ግጥሚያ ከእነዚሁ ባልና ሚስት ጋር ነበር። ዘይቱ ረጅም ነበር፤ ኳሷም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተንሸራተተ፤ ተሸነፉ፤ ወደ ላይኛው ምድብ የሚያልፉት ሁለት ጥንዶች ግን አስቀድመው በነጥብ ስለተለዩ ዳቦ ጋጋሪዎቹም ቢያሸንፉ አብረዋቸው ቀሩ። አዲሱ ዓመት ሲጀምር ወንድሟ መነጽሩን አውልቆ እያገላበጠ ተናገራት።

«ዘንድሮ ካላለፍን ከሚስቴ ወንድም ጋር ልጣመር ነው፣ እትዬ። ቅር እንዳይልሽ። እድሜዬም እየሄደ ነው፣ አንድ ጊዜ እላይ ብጫወት ደስ ይለኛል።»

«ምን ቅር ይለኛል» አለችው። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን አውቶቡሱን አሳለፈችው። የቀራት ወንድም የረቡዕ ወንድም ነበር፤ ረቡዕን ከወሰደባት ከሸሚዝ በቀር የሚያመጣላት ነገር አይኖርም።

ስለዚህ እጇን ለማጠንከር ቆረጠች። በሱቁ ውስጥ መጭመቂያ ማሽን እያለ ከባድ መጋረጃዎችን በእጇ እየጠመዘዘች መጭመቅ ጀመረች። ኳሷንም ከወትሮው ይበልጥ መንከባከብ ያዘች። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ወደ ጓዳዋ ታመጣውና ጓንቷን አጥልቃ፣ እልኸኛ የቀለም እድፍ በምታስለቅቅበት አሴቶን ትጠርገዋለች። ነጩ ጨርቅ እስከ መጨረሻው ነጭ ሆኖ ካልወጣላት አታምንም። በኋላ ላይ መጥረጉ ብቻ አላረካትም፤ በአሴቶን የራሰ ጨርቅ ጠቅልላበት ታሳድረው ጀመር። ጠዋት ስትፈታው ኳሱ የማንም አሻራ የሌለበት፣ ሽታው ብቻ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ይጠብቃታል። ይህን ባየች ጊዜ ከሰው ሁሉ የተላቀቀች ይመስላታል።

የውድድሩ ወራት እየገፉ ሲሄዱ ተአምር የሚመስል ነገር ሆነ። ረጅም ዘይት በተቀባበት ረቡዕ ወርውራ ኳሱ እንደተለመደው ሲንሸራተት ለማየት ስትዘጋጅ፣ ኳሱ መሀል ላይ ጣውላውን ነከሰ። ቀስ ብሎ ዞረ፣ ፒኖቹንም አንድ ሳያስቀር ደፋቸው። ደገመችው፤ ያው ሆነ። እትዬ ሳሙና በአደባባይ ሳቀች፤ አፏን ሳትሸፍን። ወንድሟ እሷን ሳይሆን ኳሱን ነበር የሚያየው። ኳሱ ተመልሶ ሲመጣም ቀድሟት አነሣው፤ ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን፣ በጨርቅ እያሻሸ ጠረገላት።

«እጅሽ ተፈታ፣ እትዬ።»

ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ለባሏ የነገረችው ይህንኑ ቃል ነው። «እጅሽ ተፈታ አለኝ። መጋረጃው ነው የረዳኝ።» ባሏ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ «በዚህ ዓይነት የሚቀጥለው መጭመቂያ እኔ ነኝ» አላት። ከዚያ ወዲያ ተከታትለው አሸነፉ፤ ፍጻሜውም ላይ ደረሱ፤ ተጋጣሚዎቻቸውም እነዚያው ዳቦ ጋጋሪዎች ሆኑ።

ለፍጻሜው ጥቂት ቀን ሲቀር የአውራ ጣቷ ቀዳዳ ጠበባት። እሷ ጣቷ ያበጠ መስሏት ነበር። ለማስፋት ወደ ጋሽ መሰርሰሪያ ወሰደችው። ሽማግሌው ኳሱን በጠረጴዛው ላይ አዙሮ አዙሮ አየና የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አደረገበት። ጥፍሩ ሲነሣ ቦታው ላይ ጨረቃ የመሰለች ጭረት ቀረች።

«እስቲ አንቺም ሞክሪው።»

ሞከረችው። የእሷም ጥፍር ገባ፤ ሻማ የነካች መሰላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሟሙቶ ነዋ። በምንድን ነው የምታጥቢው?»

«በአሴቶን።»

«ጠረግ ጠረግ አድርገሽ?»

«ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ።»

ሽማግሌው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እመቤቴ፣ ይሄንን እኮ ሌላው ሰው ተደብቆ ነው የሚያደርገው። የለሰለሰ ዩሬቴን ረጅም ዘይት ላይ እንደ ድመት መዳፍ ይይዛል። ለዚያ ነው ደንቡ የከለከለው፤ ጥንካሬውን የሚለካ መርፌ አለ፣ ከልኩ በታች ከወረደ ኳሱ አይጫወትም። አንቺ ደግሞ ለንጽሕና ብለሽ…» ዓይኑን ጠረገ።

«እጄ መስሎኝ ነበር» አለች እትዬ ሳሙና።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«እኔ ለነገሩ ወንድምሽ ይነግርሻል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ወንድሜ ምኑን አውቆ?»

«እሱማ ከሁላችን ቀድሞ ነው ያወቀው። አንቺ ልትታጠቢ የገባሽ ጊዜ ይዞት መጥቶ አስለካኝ፤ መርፌዋ ወረደች። ‹ለማንም አትናገር፣ ለእሷም ቢሆን፣ ሞራሏ ይነካል› አለኝ።»

«አንተስ እሺ አልከው?»

«እኔ በሳሽ ነኝ፣ ዳኛ አይደለሁም።» ይህን ብሎ ጥቁር ጥፍሮቹን በሱሪው ላይ ጠራረገ።

እትዬ ሳሙና ኳሱን ቀዳዳውን ሳታሰፋ ወደ ቦርሳው መለሰችው። በሥራዋ ያላየችው ቆሻሻ የለም፤ ያም ሆኖ ወንድሟ ኳሷን ይዞ፣ በጨርቅ እያሻሸ፣ በጨርቁ ሥር ጥፍሩን ሲጫን የሚያሳየው ሥዕል ከዓይኗ አልጠፋ አላት። ፍቅር ነው ብላ የቆጠረችው መጥረግ ፍተሻ ኖሯል። ደስታዋን ደግሞ እንዲያው ዝም ብሎ አይቶታል፤ መጋረጃ መጭመቋን ስታወራለት ራሱን እየነቀነቀ ሰምቷታል። ቤቷ ገብታ እጇን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ባሏ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነክተሽ ነው?» ሲላት ውሃውን እንደገና ከፈተችው።

በፍጻሜው ዕለት ወንድሟ ቀድሟት ደርሶ፣ አግዳሚው ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። ከጎኑ አልተቀመጠችም።

«ማሙሽ፣ ኳሴ ሟሙቷል።»

የጫማውን ክር በእጁ እንደያዘ ቀና አለ። «ማን ነገረሽ?»

እሷ ‹እንዴት?› ይላል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ቢዋሽ እንኳ። መልሱ እንዲህ ራቁቱን መውጣቱ አንገሸገሻት።

«ስሚኝ፣ እትዬ። አንቺ አውቀሽ አላደረግሽውም። ሳያውቁ ያደረጉት ነገር ማጭበርበር አይባልም።»

«አሁን አወቅሁ እኮ።»

«እንዳላወቅሽ ሁኚያ።»

«ለተማሪዎችህም እንዲህ ትላቸዋለህ?»

«ተማሪን ምን አመጣው? ይሄ ጨዋታ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ተጋጣሚ ካልጠየቀ መርፌው አይወጣም። ዳቦ ጋጋሪው መርፌ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅ። እኔ ለአንቺ ብዬ ነው። ስንት ዘመን እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም፤ አንጀቴን በላሽው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ሆነባት። ሽታን በሽቶ የሚሸፍኑ ደንበኞች አሉ፤ ልብሳቸውን ሲያመጡት ላቡም ሽቶውም አንድ ላይ ተጋግሮ ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ሽታ ይፈጥራል። ይኸው ሽታ አሁን ከወንድሟ አፍ የወጣ መሰላት።

«‹እጅሽ ተፈታ› አልከኝ።»

የጫማውን ክር ሳብ አድርጎ አጠበቀው። ከዚያ የሥነ ሥርዓት ኃላፊነቱ ድምፅ መጣለት፤ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ። «ያለዚያ ኳስ እንሸነፋለን። ከተሸነፍን ያልኩሽን ታውቂያለሽ፤ ቃሌን አልቀይርም።»

«አውቃለሁ» አለችና የቦርሳውን ዚፕ ዘጋችው።

ወደ መደርደሪያው ሄደች። የአዳራሹ ኳሶች እንደ ቀድሞው ተደርድረዋል፤ ያው ዝቃጭ፣ ያው አብረቅራቂ ጥቁረት። አንዱን አነሣች፤ ከቀዳዳው ጠርዝ የተላጠ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ መለሰችው። ሌላውን አነሣች። ከእሷ በፊት የያዘው ሰው ገና መልቀቁ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀዳዳው ሞቅ ያለና እርጥብ ነበር። ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን ከተተች። የሆነ የሚያዳልጥ ነገር በጣቷ ዙሪያ ተጠመጠመ። ጣቷን ግን አላወጣችም።

«እትዬ ሳሙና፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አላት ዳቦ ጋጋሪው፣ አውራ ጣቱን ከአፉ አውጥቶ። «ያ ግራጫው የት ሄደ?»

«ታሟል።»

«ውይ፤ በይ ይሄን ፎጣ እንኪ፣ ይሄስ አዳልጦሽ እግርሽ ላይ እንዳይወድቅ።» የፎጣውን መሀል፣ እርጥቡን በኩል፣ ዘረጋላት።

«አንተው ያዘው፣ ወንድሜ። ይበቃኛል» አለችው፤ ሚስቱም ነገሩ ገብቷት ፎጣውን ነጥቃ «እስቲ አሁን ይሄ ለሰው ይሰጣል?» ስትል ባሏን ገሠጸችው።

በመጀመሪያው ውርወራ ኳሱ ጣቷን ቶሎ ሳይለቅ ቀርቶ ከሌኑ ጎን ባለው ቦይ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም ብዙ አልራቀም። ከዚያ በኋላ ግን እጇ የኪራዩን ኳስ ጠባይ ለመደው። እንዲህ ያለ ተራ ኳስ አይታጠፍም፣ የተወረወረበትን ይዞ ይሄዳል፤ ያን ቀን በተቀባው ረጅም ዘይት ላይ ቀጥ አድርጎ ለመወርወር ብቻ ይበቃል። አንድ በአንድ፣ የተበታተኑትን ፒኖች እየለቀመች፣ በየውርወራው ፊቷን እያጨማደደች ቀጠለች። መጋረጃ የጨመቀው ክንዷ አልደከመም፤ ይህን ልብ አለች፣ ብዙም አላጽናናትም።

ወንድሟ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ተጫውቶ አያውቅም። ዘይቱን ወደ መጨረሻው የሚገፋበት ዩሬቴን ስላልነበረ ደረቁ ጣውላ እንደ ደረቀ ቆየለት፤ ኳሱ በየጊዜው በዚያው ቦታ እጥፍ እያለ ፒኖቹን ያረግፋቸዋል። መጀመሪያ ተኮሳትሮ ነበር የሚወረውረው። ቀስ በቀስ ፊቱ ፈካ። መሀል ላይ ጡጫውን ጨብጦ ለራሱ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። እሷ እጇን ከሰውነቷ አርቃ፣ የሚንጠባጠብ ጨርቅ እንደያዘ ሰው፣ ከኋላው ቆማ ታየው ነበር።

በጥቂት ፒን ተሸነፉ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ባሏን አንገቱን አቅፋ ዘለለች። ወንድሟ ውጤት የሚታይበትን ስክሪን ቀና ብሎ ሲመለከት ቆየ፤ የጥንዱን ሳይሆን የራሱን መስመር ነበር የሚያየው። ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሣው።

«አየሽ፣ እትዬ» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ያንቺ ኳስ መንገዴን ባያበላሸው ኖሮ እኔ ድሮም እንደዚህ ነበርኩ።»

ዳቦ ጋጋሪው አውራ ጣቱ ያልደረቀ እጁን ዘርግቶ ወደ እሷ መጣ። «ጥሩ ተጫወትሽ፤ በሰው ኳስ እንዲህ መጫወት ቀላል አይደለም።» እትዬ ሳሙና የተዘረጋውን እጅ አየችው፤ ጨበጠችውም፤ እርጥበቱ ወደ መዳፏ ሲሻገር ተሰማት፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ግን እስኪለቃት ጠበቀችው። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ገባች። የሳሙናው ማስቀመጫ እንደ ሁልጊዜው ባዶ ነበር። በውሃ ብቻ ፈትጋ ፈትጋ ስትወጣ ወንድሟ ለአንድ ሰው በስልክ ውጤቱን ቁጥር በቁጥር እየነገረ ነበር፤ «አዎ፣ ብቻዬን» ሲል ሰማችው። ቦርሳዋን አንሥታ በአጠገቡ አለፈች።

ግራጫው ኳስ አሁን የሱቁን የጓዳ በር ደግፎ ይቆማል፤ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩ ክፍት መሆን አለበት። ጭረቶቹ አሁንም ይታያሉ፣ አንዷ የሽማግሌው፣ አንዷ የእሷ። ሥር ላይ ሦስተኛ አለች፤ ወደ በሩ ስታንከባልለው ያገኘቻት ናት፣ ከሁለቱ የቆየች፣ ሰፋ ያለች።

በተከታዩ ሳምንት ወንድሟ እንደ ልማዱ ሸሚዞቹን በላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። ኩርፊያዋ አልፏል ብሎ የገመተ ይመስላል። ከሚስቱ ወንድም ጋር መለማመድ መጀመራቸውን፣ ሰውዬው ልክ እንደ እሱ የሚጠጣ ኳስ ስላለው መንገድ እንደማይበላሽበት አወራላት። እሷ ከረጢቱን ፈትታ የላይኛውን ሸሚዝ አወጣች። አንገትጌው ላይ ያችው የለመደቻት ቡናማ የላብ ቀለበት ነበረች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያው አንገት፣ ያው ላብ። ጣቶቿ ጨርቁ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ። ልታስገድዳቸው ሞከረች። አልሄዱላትም።

ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ተወችው፤ ዝቅ ብላ ቢጫ ጓንቶቿን አነሣች፣ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን፣ እስከ ክንዷ ስባ አጠለቀች። የጓዳው ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩ ነበር። ወንድሟም ወሬውን አቋርጦ ጓንቱን ተመለከተ።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ እኮ።»

እሷ አንገትጌውን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ወደ ብርሃን አነሣችው፤ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«ቅዳሜ ይደርሳል» አለችው፣ ለማንኛውም ደንበኛ በምትለው ድምፅ።